ድንኳናችንን የተከሉትን አሰልጣኝ ላሰናብት?

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። አሁንም እዚያው አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ሒሳብ ያዥ ነኝ። ደመወዝ የሌለው፣ ጭቅጭቅ ግን የሞላበት ሥራ ነው። ቡድናችን በከተማው የክለቦች ውድድር የሚጫወት፣ ዋንጫም ያን ያህል የማያውቅ ቡድን ነው። ቢሆንም እሑድ ጨዋታ ሲኖረን ለቅሶ ወይም ሠርግ ካልያዘው በስተቀር ከሜዳ የሚቀር የሰፈር ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ የውጤት ቀውስ ውስጥ ገብተናል። ሁለተኛው ዙር ከተጀመረ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም፤ ሁለቱን አቻ ወጣን፣ የቀረው ሽንፈት ነው። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነን። ካለፈው ወር ጀምሮ ደጋፊው ጨዋታው ሳያልቅ «አሰልጣኝ ይቀየር!» እያለ ይጮኻል። ከሚጮኹት መካከል የአሰልጣኙ የቀድሞ ተጫዋቾችም አሉበት።

አሰልጣኛችንን ጋሼ ልበላቸው። ቡድኑን ከያዙት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታላቅ ወንድሜን ያሰለጠኑት እሳቸው ናቸው። አባቴ ያረፈ ዕለት እድርተኛው ሳይሰበሰብ ቀድመው ደርሰው ድንኳኑን የተከሉልን ጋሼና ተጫዋቾቻቸው ናቸው። ማልያቸውን እንኳ አልቀየሩም ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ የእሳቸውን ድርሻ ሳትልክ አትገድፍም።

ሊቀመንበራችን ሌላ ሰው አግኝቷል። ወጣት ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የ«ሲ» ደረጃ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ አለው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የተጋጣሚን አጨዋወት በሥዕል ሲያስረዳን ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ነው የሰማነው። አምስት የራሱን ተጫዋቾች ይዞ እንደሚመጣ ነግሮናል። የሁለት ወር ክፍያ በቅድሚያ ይፈልጋል። ገንዘቡን ከየት እንደማመጣ አላውቅም፤ ሊቀመንበሩ ግን «ለእሱ ሰው አለኝ» ብሏል።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ የጋሼንም ጉድለት ልንገርዎት። ተጫዋች ለመቀየር ይዘገያሉ። የልምምዱ ዓይነት ወንድሜ ከነበረበት ጊዜ አልተለወጠም። ዘንድሮ ደግሞ ቁጡ ሆነዋል። ባለፈው እሑድ የአሥራ ሰባት ዓመቱ በረኛችን ቀላል ኳስ አምልጦት ጎል ገባብን። ጋሼ ከመስመሩ ዳር ሆነው «አንተን ብሎ በረኛ! ሂድ ሱቅ ጠብቅ!» ብለው ጮኹበት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ በእረፍት ሰዓት ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ። ሁለተኛውን አጋማሽ ተጠባባቂው ነው የተጫወተው።

እርግጥ ሌላም ችግር አለ። ልምምዱ እንደ ድሮው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጃን ሜዳ ነው፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን አብዛኞቹ ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ገላን ጉራ ገብተዋል። መዋጮ ይሰጡን የነበሩ ባለ ሱቆችም ስለተበተኑ ከጥር ጀምሮ የልጆቹን የትራንስፖርት አበል አቁመናል። ሁለት ተከላካዮችም ሌላ ቡድን ገቡ። ሊቀመንበሩ ግን ይህ የሁሉም ቡድን ችግር ነው ይላል።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሦስቱ ይሰናበቱ፣ ሦስቱ ይቆዩ ብለዋል። የፊታችን እሑድ በሚደረገው ስብሰባ የሚጠበቀው የእኔ ድምፅ ነው። ይሰናበቱ ብል ውለታ ቢስ እሆናለሁ፤ ይቆዩ ብል ደግሞ ቡድኑ ሲወርድ ጣት የሚቀሰረው በእኔ ላይ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ ሒሳብ ያዥ፣ ከካዛንቺስ

መልስ

ውድ እህቴ፣

አላንጠልጥልሽ፤ ድምፁ የእኔ ቢሆን ጋሼ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ ይቆዩ እል ነበር። ምክንያቴ ግን ድንኳኑ አይደለም። የአባትሽን ለቅሶ ላስተናገዱት ሰው ውለታ ያለባችሁ አንቺና ቤተሰብሽ እንጂ ቡድኑ አይደለም። እናትሽ በየፋሲካው እየከፈሉ ነው፤ አንቺም በራስሽ ጊዜና በራስሽ ገንዘብ ክፈዪ። የግል ውለታ በሃያ ወጣቶች የጨዋታ ዘመን አይከፈልም። ጋሼ ለቡድኑ የማይሆኑ ሰው ናቸው ብዬ ባምን ኖሮ ድንኳኑ ትዝ እያለኝም ቢሆን ይሰናበቱ እልሽ ነበር።

ጋሼን ሊያቆያቸው የሚገባው «እርግጥ ሌላም ችግር አለ» ብለሽ በአንድ ትንፋሽ ያለፍሽው ነገር ነው። የሒሳብ ሰው ሆነሽ ትልቁን ቁጥር ከገጹ ግርጌ ጻፍሽው! እስቲ ከልጆቹ አንዱን እንከተለው። ገላን ጉራ የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ነው፤ ጃን ሜዳ ደግሞ ስድስት ኪሎ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ልምምድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል። ታክሲ ካገኘ እየቀያየረ ይመጣል፤ ሒሳቡን ከእናቱ መቀነት ያወጣል። ልምምዱ ሲያልቅ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሥራ ይሮጣል። ካዛንቺስ ሳለ እኮ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለስ ነበር። እሑድ በሰባኛው ደቂቃ አጥቂ ሲያመልጠው ታዲያ «አሰልጣኝ ይቀየር!» ይባላል። የትኛው አሰላለፍ ነው የዚህን ልጅ ጉልበት የሚያድሰው? ወጣቱ አሰልጣኝ በኮምፒውተሩ ካሳያችሁ ሥዕል ውስጥ የታክሲ ሰልፍ ነበረበት?

እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት ነው፤ አንቺ ግን ማረጋገጥ ትችያለሽ። ከእሑድ በፊት ቁጭ ብለሽ መዝገቡን ተመልከቺ። የገቡባችሁ ጎሎች በስንተኛው ደቂቃ ነው የገቡት? ከጥር በፊትና ከጥር በኋላ ልምምድ ላይ ስንት ልጅ ተገኘ? አብዛኛው ጎል የገባው በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ከሆነ ጉዳዩ የድካም ነው፤ ድካሙም የመጣው ከመንገዱ ነው። በተቃራኒው ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ሳምንት በሳምንት በዚያው መስመር፣ በዚያው ዓይነት የማዕዘን ምት የሚገባባችሁ ከሆነ ጥፋቱ የአሰልጣኝ ነውና ምክሬን ጣይው።

ስብሰባው ላይ የእንግሊዝ ኳስ መነሣቱ አይቀርም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ እሱ የሚያልቅ የኮሚቴ ስብሰባ እስካሁን አልገጠመኝም። የጋሼ ወገኖች ፈርጉሰንን ያመጣሉ፤ ማንቸስተር ዩናይትድን እ.ኤ.አ. በ1986 ይዞ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1993 ነው ይሉሻል። አርሴናሎቹ አርቴታን ይጠቅሳሉ፤ ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ሆኖ ጨርሶ፣ በ2021 ደግሞ ሊጉን በሦስት ተከታታይ ሽንፈት ጀምሮ፣ ዘጠኝ ጎል ተቆጥሮበት አንድም ሳያገባ ክለቡ ታገሠው፤ ኋላ ቡድኑን የሻምፒዮንነት ተፎካካሪ አደረገው። ሊቀመንበሩ በበኩሉ ሌስተር ሲቲን ያነሣብሻል። ራኒየሪ በ2016 ሻምፒዮን ያደረገውን ቡድን ይዞ ወራጅ ቀጠና ደጃፍ ላይ ሲደርስ በ2017 መጀመሪያ ተባረረ፤ ተተኪው የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች አሸንፎ ቡድኑ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለዚህም ነው አንዱም የማይረዳሽ። እነዚያ ክለቦች የጎደላቸውን ተጫዋች ገበያ ወጥተው ይገዛሉ። ደግሞም ሌስተርን የተረከበው ሰው ልጆቹን በቅርብ የሚያውቅ ምክትል አሰልጣኝ እንደነበረ ሊቀመንበሩ ላይነግርሽ ይችላል።

ጥናት ከተፈለገ በኔዘርላንድ ከፍተኛ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የተደረጉትን ስንብቶች የመረመረ የምጣኔ ሀብት ጥናት አለ። አሰልጣኝ ያባረሩ ቡድኖች ከስንብቱ በኋላ ውጤታቸው ተሻሻለ፤ በተመሳሳይ ደረጃ ተዳክመው ያላባረሩትም እንዲሁ ተሻሻሉ። ክፉ ወቅት በራሱ ጊዜ ያልፋል፤ የሚጨበጨበው ግን ሲያልፍ ወንበሩ ላይ ለተገኘው ሰው ነው።

ከራሳችንም የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነገር አለ። ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁ፣ ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው ማጣሪያ ደርሰው በናይጄሪያ የተረቱ ሰው ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው ቻን፣ በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳያገባ ተሸንፎ ሲመለስ ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊ አሰልጣኝ ተተካ፤ እሱም ዓመት ያህል ቆይቶ ሄደ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ ጊዜ ነው። በመካከሉ የባከኑት ዓመታት ሁሉ የአንድ ስንብት ውጤት ናቸው አልልም። ሰውየው ሲሄዱ አብረዋቸው ያልሄዱ ችግሮች ግን ነበሩ።

ወጣቱን አሰልጣኝ አልናቅሁትም። ላይሰንሱም ሥዕሉም ያስፈልጋችኋል፤ ጋሼም የወንድምሽን ዘመን ልምምድ ይዘው ሊቀጥሉ አይገባም። የከነከነኝ አምስቱ ልጆች ናቸው። አምስት ሲገቡ አምስት ይወጣሉ። እነማን ይመስሉሻል? ከሩቅ የሚመጡት፣ የሚያረፍዱት፣ የታክሲ ያጡት ናቸው። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ከመውረድ ቢተርፍ የተረፈው የማን ቡድን ነው? ቤታቸው ፈርሶ የተበተኑ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው የካዛንቺስ ልጅ የሚባሉበት ቦታ ከዚህ ሜዳ ሌላ ያላቸው አይመስለኝም። ለአሰልጣኙ የተጠየቀው የሁለት ወር ክፍያ ስንት ሳምንት ታክሲ እንደሚሆን አንቺ ታሰዪዋለሽ። ሊቀመንበሩ «ሰው አለኝ» ያለው ሰው ለአሰልጣኝ የሚሰጥ ከሆነ ለልጆቹም መመላለሻ ይስጣ!

አሁን ወደ ጋሼ ልዙር፤ እዚህ ላይ ፊቴ ይጠቁራል። ከሽንፈቶቹ ሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ የበረኛው ነገር ነው። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ አንዷን ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል፤ በረኛ አምስት አድኖ አንዷ ብታመልጠው የሚታወሰው በእሷ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህን ብቻውን ተሸክሞ በቆመበት፣ ሊደግፈው የሚገባው ሰው የሕዝብ መሳቂያ አደረገው። ያ ልጅ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ለሚሻማ ኳስ ከመስመሩ ለመውጣት ያመነታል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ጎል ይገባል፤ ሌላ ስድብ ይከተላል። የጋሼ ቁጣ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሃያ ዓመት የለፉበት ነገር ዓይናቸው እያየ ሲፈርስባቸው ነው። ቢሆንም ይህ አንድ ጊዜ ከተደገመ ቡድኑ አምስት ለዜሮ እየመራም ቢሆን ይሰናበቱ። ለሽንፈት ትዕግሥት አለኝ፤ ለዚህ የለኝም።

ስለዚህ ከእሑድ በፊት እሳቸው ዘንድ ብቻሽን ሂጂ። ቡናው ይፈላ፤ አንቺ ግን ገና ሲቆላ ተናገሪ፤ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ምርቃት እንጂ ወቀሳ ከአፍሽ አይወጣም። ልጁን በቡድኑ ፊት ይቅርታ ይጠይቁት። ወጣቱን፣ እሱ እምቢ ካለም ሌላ የሠለጠነ ሰው፣ በምክትልነት ይቀበሉ። ከልምምዱ ቀናት አንዱን ወይም ሁለቱን ልጆቹ ወዳሉበት ይውሰዱት፤ ገላን ጉራ አካባቢ ኳስ የሚያንከባልሉበት ሜዳ አይጠፋም። ይህን አልቀበልም ካሉሽ ድምፄን አያገኙም በያቸው፤ ከደጋፊ ጩኸት ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።

ከተቀበሉሽ እሑድ ሐሳቡን በጽሑፍ ይዘሽ ግቢ። ጋሼ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ይቆያሉ፤ እስከዚያ በየሽንፈቱ ማግስት የስንብት ስብሰባ አይጠራም፤ ክረምት ሲገባ ሥራቸው ይገመገማል፤ ያን ጊዜ መሄድ ካለባቸው ከታዳጊዎቹ ጋር የሚሠሩበት ቦታ ቢሰጣቸው ደስ ይለኛል። ቡድኑ አሁንም ሊወርድ ይችላል። ከወረደ ጣት ይቀሰርብሻል፤ ይህን ላስቀርልሽ አልችልም። ወጣቱ ተቀጥሮ ቢወርድም ግን «ገንዘቡን ማን ፈቀደ?» ተብሎ የምትጠየቂው አንቺው ነበርሽ።

ሊቀመንበሩ ምናልባት «የዛሬው አጀንዳ አሰልጣኝ ብቻ ነው፤ የታክሲ ወሬ አይነሣብን» ይልሽ ይሆናል። አትከራከሪው። ከድምፁ በፊት የሒሳብ ሪፖርት አለኝ በይና ጥርን ከከፈትሽበት ገጽ ጀምረሽ አንብቢ። ሒሳብ ያዥዋ ሪፖርት እንዳታቀርብ የሚከለክል ከሆነ ምክንያቱን ቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዝግብ።