«ሁለቱም የመንግሥት ነው፤ ታዲያ ለምን ተለያየ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊላደልፊያ ዳር ልትከራዪ ያየሻቸው ሁለት ቤቶች በመኪና 10 ደቂቃ ነው የሚራራቁት። የአንዱ ሰፈር ትምህርት ቤት መዋኛ ሳይቀር አለው። የሌላው ጣሪያው ያፈሳል። «ሁለቱም የመንግሥት፣ ሁለቱም በነጻ፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?» ብለሻል። እኔ በሁለቱም ዓይነት ሰፈር ልጅ አሳድጌያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚህ «የመንግሥት» ስለተባለ ገንዘቡ ከአንድ ካዝና አይወጣም። ፊላደልፊያ ባለችበት የአሜሪካ ክልል፣ በፔንሲልቬንያ ብቻ፣ 500 ስኩል ዲስትሪክት (የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለብቻው የሚያስተዳድር) አለ። ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሚሰበሰበው እዚያው ሰፈር ነው፤ ዋናው የቤት ግብር ነው። ቤቱ ውድ የሆነበት ሰፈር ዝቅ ያለ ግብር ጥሎ ብዙ ያገኛል። ቤቱ ርካሽ የሆነበት ሰፈር ከአቅሙ በላይ እየከፈለም አይሞላለትም። እኛ መጀመሪያ ቤት የገዛነው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የግብሩ ደብዳቤ ሲመጣ ባለቤቴ ሌሊት ተጨማሪ ሥራ ይገባ ነበር። ያን ሁሉ ከፍለን ትልቁ ልጄ ኬሚስትሪን ላብራቶሪ ሳያይ ጨረሰ። መጽሐፉ ስለማይበቃ ፎቶ ኮፒ ይዞ ነበር የሚመጣው። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ልጄ አንዱን ወድዶ ሳይጨርስ አስተማሪው በዓመቱ የተሻለ ወደሚከፈልበት ይሄድበታል።

ቤቱስ ለምን ረከሰ ብትዪ፣ ነገሩ ከዘር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የፌዴራሉ መንግሥት ባሠራቸው ካርታዎች ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር በቀይ ይቀባ ነበር። ቀይ ከተቀባ የቤት ብድር ማግኘት ጭንቅ ነበር። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪን በሕግ መለየት አይቻልም አለ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት ፍርዶች ግን ብዙ ሰው አያውቃቸውም። በ1973 በቴክሳስ ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እኩል የትምህርት በጀት እንዲኖር አያስገድድም ተባለ። በዓመቱ ደግሞ በዲትሮይት ጉዳይ፣ አሁንም በ5 ለ4፣ የከተማ ዳር ዲስትሪክቶች ራሳቸው ጥፋት ካልተገኘባቸው ጥቁርና ነጭ ተማሪ በማቀላቀሉ እንዲገቡ አይገደዱም ተባለ። ስለዚህ ነጩ ቤተሰብ የዲስትሪክቱን መስመር ተሻግሮ ከሄደ ፍርዱ አይከተለውም፤ የቤቱ ግብርም አብሮት ይሄዳል። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት እንዳለው፣ ነጭ የሚበዛባቸው ዲስትሪክቶች ነጭ ያልሆነ ከሚበዛባቸው ይልቅ በዓመት 23 ቢሊዮን ዶላር ብልጫ ያገኛሉ። የተማሪው ቁጥር ግን ተቀራራቢ ነው።

አንድ የሚያመኝ ነገር አለ። ሐበሻው «እዚያ አትግቢ፣ ጥቁር ይበዛበታል፣ ትምህርት ቤቱ አይረባም» ይልሻል። ለእኔም ብለውኛል፣ እኔም ለሌላ ሰው ብያለሁ። የኛ ልጅ ሲመዘገብ ፎርሙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚሞላ ረስተነው ነው? ልጆቹ አይደሉም የማይረቡት። የጎደለው ገንዘቡ ነው፤ ያጎደለውም የታወቀ ነው።

በኋላ ተበድረን መስመሩን ተሻገርን። ለትንሿ ልጄ ሁሉ ነገር ሞልቶ ነበር። ግን ከክፍሏ ብቸኛዋ ጥቁር እሷ ነበረች። እዚሁ ተወልዳ፣ ውጤቷም ጥሩ ሆኖ፣ ዝቅተኛው የሒሳብ ምድብ ውስጥ አስገቧት። ሦስት ጊዜ ሄጄ ውጤቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነው ያስቀየርኩት። ስለዚህ ሀብታም ሰፈር ብትገቢም እረፍት የለም፤ የምድብ ወረቀቱን በየዓመቱ እዪ። አማርኛ አስተርጓሚም በነጻ እንዲያመጡልሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው።

ዘመድ «የእኔን አድራሻ ተጠቀሚ» ቢልሽ እንዳትሞክሪው። በ2011 ኦሃዮ ውስጥ አንዲት ጥቁር እናት የአባቷን አድራሻ ተጠቅማ ልጆቿን የተሻለ ዲስትሪክት በማስገባቷ ታስራለች። የምትችዪውን ኪራይ ያዢ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለዲስትሪክቱ ደውዪና ያ ቤት ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርስ ጠይቂ። የጎዳናው ማዶና ማዶ ሊለያይ ይችላል።

ርካሹን ከያዝሽም ልጅሽ ጠፋ ማለት አይደለም። ያ የኛ ትልቁ ልጅ አሁን ነርስ ነው። በጀቱም እንዳለ አይቀርም። በ2014 ስድስት ዲስትሪክቶችና ወላጆች ክልሉን ከሰው፣ በፌብሩዋሪ 2023 ፍርድ ቤቱ የፔንሲልቬንያ የትምህርት በጀት አሠራር የክልሉን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። ዲስትሪክቱን የሚመራው የስኩል ቦርድ ስብሰባም ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ በሦስተኛው ግን ስለ ላብራቶሪው ጠየቅሁ።

ለምዝገባ የልጁን የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የኪራይ ውል ያዢ። ወረቀቱ ከተሟላ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሊያስገቡልሽ ይገባል። የአዲስ አበባው የክትባት ካርድ በአማርኛ ብቻ ከሆነ በውስጥ ላኪልኝ፣ እተረጉምልሻለሁ።