የምትሃት ዕቃ ለምትገዙ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የምትሃት ዕቃ ስትገዙ ገንዘባችሁ የሚሄደው ለፕላስቲኩ ሳይሆን ለምስጢሩ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ከውስጡ የምትወጣው ቁራጭ ማግኔት ወይም ጫፏ የተቆረጠ አንዲት የመጫወቻ ካርታ ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይናደዳል። ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ዕቃውን መልሶ የሚቀበል ሻጭ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሁሉ ሳትከፍሉ ጨርሱ።

ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቡ። «የእጅ ቅልጥፍና አይጠይቅም» ማለት ልምምድ አይጠይቅም ማለት አይደለም። ዋናውን ነገር ዕቃው ቢሠራውም፣ ሳይታይ ከኪስ ማውጣቱና መልሶ መሰወሩ የእናንተ ሥራ ነው። «ተመልካች ሊመረምረው ይችላል» ከተባለ የትኛውን ክፍል፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ የሚመረመረው ትርኢቱ ሳይጀመር ብቻ ነው። ቪዲዮውን ስታዩ ዓይናችሁ ምስሉ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ይሁን። እጁ ለአፍታ ከምስሉ ውጭ ከሄደ ወይም ተመልካቾቹ ሁሉ በአንድ ወገን ከተደረደሩ፣ ያልተነገራችሁ ነገር ያለው እዚያ ነው። ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ካለ እሱን ፈልጉ።

ጥሩ ሻጭ ምስጢሩን ሳያወጣ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ሰው ከጎኔ ወይም ከኋላዬ ቢቆም ይሠራል? ጠረጴዛ ወይም ኮት ይፈልጋል? በየትርኢቱ የሚያልቅ ነገር አለው? ካለው፣ ለብቻው ይሸጣል? ለሚቀጥለው ተመልካች መልሶ ለማዘጋጀት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይህን የመጨረሻውን አትርሱ። 5 ደቂቃ ተደብቆ መዘጋጀት የሚፈልግ ዕቃ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለሚያሳይ ሰው አይሆንም፤ መድረክ ላይ አንዴ ብቻ ለሚያሳየው ግን ምንም ችግር የለውም።

ለምትሃት ተብሎ የተሠራ ልዩ ካርታ ስትገዙ መለኪያውን እወቁ። የፖከር ካርታ 63 በ88 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የብሪጅ ካርታ ወርዱ ወደ 57 ይጠባል፣ ስለዚህ ሁለቱ አይቀላቀሉም። የጀርባው ሥዕልና ቀለምም ከምትይዙት ካርታ ጋር አንድ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ልዩ ካርታዎች ባይስክል በሚባለው የካርታ ምርት ቀይና ሰማያዊ ጀርባ ስለሚታተሙ ተራውን ካርታ ከዚያው መግዛት ይቀላል። ተራውና ልዩው እኩል ያርጁ፤ በእጅ ብዛት በቆሸሸ ካርታ መካከል የገባች አዲስ ካርታ ጠርዟ ነጭ ሆኖ ይታያል።

በአውራ ጣት ላይ የሚጠለቀውን የፕላስቲክ ጣት ብዙዎች በቆዳቸው ቀለም ይመርጣሉ። እኔ ቀለሙን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ቀድሞ የሚያጋልጠው ማብረቅረቁ ነው፣ ቀጥሎም ልኩ። ከጠበበ ቶሎ አይወልቅም፣ ከሰፋ ይወድቃል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የሚደበቀውን የሚይዝ ባዶ ቦታ መቅረት አለበት።

ብልጭ ብሎ የሚቃጠለውን ወረቀት ለጊዜው ተዉት። ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል በጣም ተቀጣጣይ ነገር የተሠራ ነው፤ ሲደርቅ በቅጽበት ይነድዳል፣ በአውሮፕላን ይዞ መጓዝም ክልክል ነው። ዕቃን በአየር ላይ ለማንሳፈፍ የሚያገለግለው የማይታይ ቀጭን ክር ደግሞ ብርሃኑንና ከኋላ ያለውን ግድግዳ መምረጥ ስለሚጠይቅ የመጀመሪያ ግዢ አይሁን።

ርካሽ ቅጂ አትግዙ። ማግኔቱ ይደክማል፣ መመሪያው ጎዶሎ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያን ዘዴ ለመፍጠር ብዙ የደከመውን ሰው እንጀራ መንጠቅ ነው፣ ይህ እኔን ያመኛል።

የመጀመሪያው ገንዘብ የሚበቃው ለሁለት ጥቅል ተራ ካርታ፣ ለአራት የስፖንጅ ኳስ፣ ለአንድ የጀማሪ መጽሐፍና ለ2 ሜትር ለስላሳ የጥጥ ገመድ ይሁን። የገመዱን የመሃል ክር ስባችሁ ብታወጡት በእጅ ላይ ይለሰልሳል። መጽሐፉ በአንድ ዕቃ ዋጋ ብዙ ዘዴ ይሰጣችኋል።

ዕቃው ሲደርስ መመሪያውን ከመጀመራችሁ በፊት ክፍሎቹን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክራችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶም አንሱ። የጎደለ ካለ በዚያው ቀን ለሻጩ አሳውቁ።