ባዮሎጂ በአነስተኛ ክርስቲያናዊ ኮሌጅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ክርስቲያናዊ ኮሌጅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሳችሁ ልጆችና ወላጆቻችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂ ብቻ ነው የምንማረው?

መልስ፦ አይደለም። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ አለ፤ እኛ ጋ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትም ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ሴል ባዮሎጂ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስና ኢኮሎጂ ይመጣሉ። ኬሚስትሪን ንቆ የመጣ ልጅ ባዮኬሚስትሪ ላይ ይንገዳገዳል።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና እናት ነኝ። ልጄ ኢቮሉሽን (ዝግመተ ለውጥ) ተምሮ እምነቱን እንዳይተው ሰጋሁ። ታስተምራላችሁ?

መልስ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። አዎ፣ ሳንቀንስ እናስተምራለን፤ ያለ እሱ ጄኔቲክሱም ኢኮሎጂውም አይያያዝም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚሁ አገራችን፣ ሐዳር ነው፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ልጅዎ ይህን ሳይማር በባዮሎጂ ቢመረቅ ዲግሪው ጎዶሎ ነው። ደግሞም የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል ራሱ መነኩሴ ነበር፤ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እያዳቀለ የደረሰበትን በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እምነትና ሳይንስ የሚገናኙበትን ቦታ ክፍል ውስጥ በግልጽ እንወያያለን፤ ጠየቀ ተብሎ የሚገሠጽ ተማሪ የለም። እኔን የሚያሰጋኝ ትምህርቱን ሸፋፍኖ የሚያልፍ መምህር ነው። ልጁ ኋላ ከሌላ ሲሰማ ቤተሰቡም ቤተ ክርስቲያኑም የደበቁት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ኮሌጅ ላብራቶሪው ደካማ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዱን ማይክሮስኮፕ አራት አምስት ሆነን የምንጋራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ላብራቶሪውን አሳዩን በሉ፤ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ይገቡ እንደሆነም ጠይቁ።

ይሁን እንጂ ሰሜን ሸዋ ያለ ተማሪ ሌላው የማያገኘው ላብራቶሪ አለው። የመንዝ ጓሳን ውሰዱ፦ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የደጋ ሣር ምድር ነው፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በሥርዓት እያጨደ ጠብቆታል። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ስትግጥ፣ ቀይ ቀበሮም በመንጋዋ መሐል አይጥ ሲያድን ታያላችሁ። ተመራማሪዎች እዚያው ቆጥረው ቀበሮው ጭላዶች መሐል ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ያህሉ እንደሚሳካለት አሳይተዋል። የኢኮሎጂ ተማሪ ይህን በዓይኑ አይቶ በራሱ ደብተር ሲመዘግብ የሚማረውን እኔ ሰሌዳ ላይ ልሰጠው አልችልም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀን ከገብስ አገር ማሽላ አገር ትደርሳላችሁ፤ ዛፉም ወፉም አብሮ ይለወጣል። የመስክ ጉዞ የማያወጣ ኮሌጅ፣ ሕንፃው ቢያምርም፣ ለባዮሎጂ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት የበግ ልብ መቅደድ ጾም ያስፈታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልቡ የሚቀደደው አራቱን ክፍሎች ለማየት እንጂ ለመብላት አይደለም። ከከበደህ ግን ለመምህርህ ንገረው፤ ከፋሲካ በኋላ ሊያሠራህ ይችላል።

ጥያቄ፦ የኮሌጁ ዲግሪ ተቀባይነት አለው?

መልስ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለባዮሎጂ ፕሮግራሙ የሰጠውን የእውቅና ፈቃድ ለማየት ጠይቁ። የኮሌጁ እውቅና ብቻውን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የግሉም የመንግሥቱም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ እስከ ምዝገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪህን ከልስ። እንግሊዝኛ በየቀኑ አንብብ፤ መማሪያ መጻሕፍቱ በሙሉ በእሱ ናቸው። ክረምቱ ሳያልፍም በሰፈርህ የበቀሉትን ዕፅዋት ስማቸውን ከሽማግሌዎች እየጠየቅህ ጻፍ፤ የዕፅዋት ትምህርት ስንጀምር ይዘኸው ና።