ቁጥሩ ሞልቶ መከላከሉ ለምን ይጎድላል? የሊምፎማ ሕሙማን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የነጭ የደም ሴል ቁጥሬ 7,000 ነው። ሐኪሙ ግን «የመከላከል አቅምህ ደክሟል» አለኝ። እንዴት?

መልስ፦ ቁጥሩ ስንት ሴል እንዳለ እንጂ ሴሉ ሥራውን ይሥራ አይሥራ አይናገርም። ሊምፎማ ካንሰር ነው፤ የሚነሣውም ከራሳቸው ከተከላካዮቹ፣ ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሴሎች (ቲ ሴልና ቢ ሴል ከነዚህ ናቸው) ነው። ሆጅኪን በተባለው የሊምፎማ ዓይነት የካንሰሩ ሴሎች ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ያበዛሉ፤ ይህ ቲ ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ቲ ሴሉ ይፈዛል፣ ዕጢውን ከቦ ተቀምጦም አይገድልም። ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች ይህን ግንኙነት ይቆርጣሉ። በቢ ሴል ሊምፎማ ደግሞ አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርም የሚዋጋው የደም ፕሮቲን፣ ሊያንስ ይችላል። የሳንባ ምች ከተመላለሰብዎ አይጂጂ (IgG) የተባለው አንቲቦዲ እንዲለካልዎ ይጠይቁ፤ ተራው የደም ቆጠራ አያሳየውም።

ጥያቄ፦ ሆጅኪን ያለባት እህቴ የቲቢ የቆዳ ምርመራዋ ኔጋቲቭ ነው። ነፃ ናት?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይባልም። ክንዱን የሚያሳብጡት የነቁ ቲ ሴሎች ናቸው፤ የፈዘዙት ቲቢ እያለም ዝም ይላሉ። አሜሪካዊቷ ሐኪም ዶርቲ ሪድ በ1902 እ.ኤ.አ. ያስተዋለችው ነገር ነው። አገር ቤት የአንገት ንፍፊት አስቀድሞ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ስለሆነ ተቃራኒውም ስሕተት አለ፦ በቲቢ መድኃኒት ያልጎደለ ንፍፊት፣ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ግልጽ ካልሆነ፣ ተቆርጦ ወጥቶ በፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ይታይ።

ጥያቄ፦ ኬሞ በወሰድኩ በ10ኛው ቀን 38.4 አተኮሰኝ፤ ፓራሲታሞል ውጬ አደርኩ።

መልስ፦ ዳግመኛ አያድርጉት። ቾፕ (CHOP) በተባለው የሊምፎማ ኬሞ ኒውትሮፊል፣ ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል፣ በጣም የሚወርደው ባብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። አንዴ 38.3፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፓራሲታሞል ሙቀቱን ይደብቃል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካም። መግል የሚሆነው ኒውትሮፊል ራሱ ስለሆነ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሲወርድ ቁስል ላይመግል፣ የሳንባ ራጅም ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ትኩሳቱ ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። በር ላይ የመጀመሪያ ቃልዎ «ኬሞ ላይ ነኝ» ይሁን፤ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ጥያቄ፦ ሪቱክሲማብ ከመጀመሬ በፊት ምን ልመርመር?

መልስ፦ ሪቱክሲማብ ቢ ሴሎችን የሚያጠፋ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢ፤ ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳየው ኤችቢኤስኤጂ (HBsAg) ብቻ ሳይሆን፣ ድሮ መያዝን የሚያሳየው አንቲ-ኮርም (anti-HBc) ጭምር። ድሮ ያለፈ የመሰለው ቫይረስ ቢ ሴሎች ሲጠፉ ይነሣና ጉበትን ይመታል። መከላከያ ክኒን ከታዘዘልዎ ሪቱክሲማቡ ካበቃ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል፤ በራስዎ አያቋርጡት። ክትባት ከሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል፣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 6 ወር ያህል እምብዛም አይዝም። የቢጫ ወባ ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ ነውና አይወሰድም።

ጥያቄ፦ ክትፎ ለብለብ ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ በደንብ ይብሰል። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎም ይቅር።