«የሚመለከታቸው አካላት» የሚባል መሥሪያ ቤት የለም

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ወረዳዎች ስለ ሥራ ፍልሰት ለምታጠኑ ወጣቶች፦

በዚህ ርዕስ የተጻፉ የማስተርስ ጽሑፎችን ከመጨረሻ ምዕራፋቸው ጀምራችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ አደራረሳቸው ይመሳሰላል። የፍልሰት መንስኤ ድህነት፣ የጓደኛ ግፊትና ደላላ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ መንግሥት ግንዛቤ ይፍጠር፣ የሚመለከታቸው አካላትም ተቀናጅተው ይሥሩ። ሐሰት የለበትም። ግን አንድ ቢሮ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ሊፈጽመው የሚችል ነገርም የለበትም፤ «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል ታፔላ የሰቀለ መሥሪያ ቤት ባሕር ዳርም አዲስ አበባም የለምና።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከኋላ ጀምሩት። ግኝታችሁ እውነት ሆኖ ቢወጣ ማን፣ በየትኛው ሥልጣኑ፣ ምን ሊለውጥ ይችላል? የወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የኤጀንሲ ፈቃድ መሰረዝ አይችልም፤ ያ የሚኒስቴሩ ሥልጣን ነው። ሰው በድብቅ እያሻገረ ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። በኮንትራት ሄዳ ደመወዟን የተከለከለች ልጅ ጉዳይ ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው በላካት ኤጀንሲ ላይ ነው፤ ሕጉ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በጋራና በተናጠል ኃላፊ ያደርገዋልና። በሦስቱም ቦታ የሚጠየቀው ማስረጃ ይለያያል። መጠይቃችሁ የተዘጋጀው ለየትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ለአንዱም አይበቃም።

«ለምን ሄድሽ?» የሚለውን ጥያቄ ቀንሱት። መልሱ ከመጠየቁ በፊት ይታወቃል፦ ቤተሰቤን ልረዳ። በእሱ ፈንታ «እንዴት ሄድሽ?» በሉ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ውረዱ። መጀመሪያ ያናገረሽ ማን ነው? ፓስፖርቱን ያወጣው ማን ነው? ኮንትራቱን የፈረምሽው የት ነው? በምን ቋንቋ ተጽፎ ነበር? አንድ ቅጂ እጅሽ ላይ ቀረ? አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለሽ ማን ነው? ፓስፖርትሽን የያዘው ማን ነው? ከአዲስ አበባ የፈረምሽው ደመወዝና እዚያ የተከፈለሽ እኩል ነበር?

ከሁሉ የሚበልጠው የወጪ ሠንጠረዥ ነው። «በጠቅላላ ስንት ከፈልሽ?» ብሎ አንድ ቁጥር መመዝገብ የተለመደ ነው፤ ያ ቁጥር ለምንም አይሆንም። ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ መስመር ስጡ፦ ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ ቪዛ፣ ቲኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ለደላላ የተሰጠ፣ አዲስ አበባ ለማደሪያና ለምግብ የወጣ፣ የብድር ወለድ። በእያንዳንዱ መስመር ፊት ስንት፣ ማን ከፈለ፣ ለማን ተከፈለ፣ መቼ፣ ደረሰኝ አለ ወይ የሚሉ አምስት ዓምዶች ይኑሩ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪዎቹን ከፋፍሏቸዋል። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ በአሠሪው ላይ ናቸው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና ሲኦሲ በሠራተኛዋ ላይ። ሠንጠረዡን ከአዋጁ ጎን ስታስቀምጡት ግኝታችሁ ራሱ ይናገራል። «ሴቶቹ ከፍተኛ ወጪ ያወጣሉ» ማለት ሐሜት ነው። «ካነጋገርናቸው መካከል ይህን ያህሉ ሕጉ በአሠሪው ላይ የጣለውን የቲኬት ዋጋ ራሳቸው ከፍለዋል፤ ገንዘቡን የተቀበለው የኤጀንሲው ወኪል ነኝ ያለ ሰው ነው» ማለት ግን ሚኒስቴሩ ሊያጣራው የሚችል አቤቱታ ነው።

የብድሩን መስመር አትዝለሉት። ከማን እንደተበደሩ፣ ምን እንዳስያዙ፣ በስንት ወር እንደሚመለስ ጠይቁ። አንዲት ሴት ከክፉ ቤት ወጥታ የማትመለሰው ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚገልጸው እዚያ ያለው ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ እዚህ በአባቷ መሬት ላይ የተጻፈው ውልም አለ።

አሁን ስለ ቀን። በዚህ መስክ ከስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው የቀን ስሕተት ነው። አንዱ አዋጅ በአማርኛ 923/2008፣ በእንግሊዝኛ 923/2016 ተብሎ ይጠቀሳል፤ ሁለት የተለያዩ አዋጆች አድርገው የሚጽፉ አሉ። ማሻሻያው 1246/2013ም እንዲሁ 1246/2021 ይባላል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ፤ የቀድሞው አዋጅ ይጠይቅ የነበረው የ8ኛ ክፍል መመዘኛ በማሻሻያው ከወጣ በኋላም ዛሬ እንደሚሠራበት አድርገው የሚጠቅሱ ጽሑፎች ይወጣሉ። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ይታተማል፤ ልዩነት ሲኖር የሚጸናው አማርኛው ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ዓምድ አትቅዱ።

ቀጥሎ ተጠያቂዋ በሄደችበት ቀን የነበረውን ሕግ እወቁ። ከ2001 ጀምሮ ይሠራ የነበረው አዋጅ 632 ነበር። በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ ወዲያው ሳዑዲ ዓረቢያ የጅምላ ማባረሩን ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ተመለሱ። እገዳው የተነሣው በ2010 ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ «በ2007 በኤጀንሲ ሳዑዲ ሄድኩ» ካለች እርሳሳችሁን አስቀምጡና እንደገና ጠይቁ። ወይ ዓመቱ ተሳስቷል፣ ወይ ኤጀንሲ የተባለው ደላላ ነው፣ ወይ ወረቀቱ ለሌላ ጉዳይ የወጣ ቪዛ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ወደ ኮምፒውተር የገባ መረጃ መደበኛና ኢመደበኛ ጉዞን ያምታታል፤ በዚያ ላይ የተሠራው ስሌት ሁሉ ፉርሽ ነው።

ተጠያቂዎቻችሁ ቀንን በዓመተ ምሕረት ቁጥር ሳይሆን በበዓልና በክስተት ያስታውሳሉ። የራሳችሁን የክስተት ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ የሳዑዲ መባረር፣ የኮሮና ጊዜ፣ የሱዳን ጦርነት የተነሣበት ሚያዝያ 2015፣ በየዓመቱ ደግሞ ጥምቀት፣ ፍልሰታ፣ የሰኔ ሚካኤል። የሳዑዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ የሂጅራ ቀን ታገኛላችሁ፤ በሂጅራ ሁለት ዓመት ከእኛው ሁለት ዓመት በ22 ቀን ገደማ ያንሳል። የቀረ ደመወዝ ስታሰሉ ይህ ልዩነት ይታያል። የተላከ ገንዘብም እንዲሁ በሪያል፣ ከተላከበት ወርና መንገድ ጋር ይመዝገብ፤ ባንክ ነው ወይስ ሃዋላ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ በብር ብቻ የተመዘገበ የሁለት ዓመት መረጃ ማነጻጸር አይቻልም።

ማንን ታነጋግራላችሁ? የቀበሌው ሠራተኛ የተመላሾችን ስም ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ደስ ብሏችሁ ትወስዳላችሁ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ግን ድጋፍ ፈልገው የተመዘገቡት ናቸው። ቤት የሠራችው፣ ሦስተኛ ኮንትራቷን ፈርማ የተመለሰችው፣ አፍራ ወደ ቀበሌ ያልመጣችው እዚያ የሉም። ዝርዝሩን ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትጠቀሙበት። ቀሪዎቹን በሰንበቴ፣ በዕቁብ፣ በመስጊድ፣ ገንዘብ በሚቀበሉባቸው ባንኮች በኩል ፈልጉ፤ ለዕረፍት የመጡትንም ጨምሩ። የቀበሌው ሹም መንገድ ያሳያችሁና ይመለስ። እሱ ከተቀመጠበት ቦታ ስለ ደላላ እውነት አይወጣም፤ ደላላው የአክስቱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የአገር አቀፉን ቁጥር ስትጠቅሱም ጠርዙን አሳዩ። የ2013ቱ የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ 839 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ ውጭ መሄዳቸውን ገምቷል። መረጃው የተሰበሰበው ግን ቤት ውስጥ የቀሩ ሰዎችን በመጠየቅ ነው፤ ሙሉ ቤተሰቡ ከሄደ የሚመልስ የለም። ትግራይም በጥናቱ አልተካተተም።

ፍልሰት ሲባል ሁላችሁም ዓረብ አገርን ብቻ ታያላችሁ። ለማኅበራዊ ፖሊሲ ከዚያ እኩል የሚከብደው ከጎጃምና ከደቡብ ጎንደር ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ነው። በ1997 በሊቦ ከምከም የታየው የካላዛር ወረርሽኝ ትምህርት ይሁናችሁ። በመጀመሪያ ወባ መስሎ ታከመ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በሽታው ሲለይ ቆላ ወርደው ከተመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር ተያያዘ። የጤና መድን ለአባወራ ይሰጣል፣ የቤተሰብ መጠይቅ ደግሞ ለወራት የራቀን ሰው ከአባልነት ሊያወጣው ይችላል። ወንዱ በሐምሌ መተማ ነው፣ በጥር ሊቦ ነው፤ መድኑ የት ይሠራለታል? መጠይቃችሁ ላይ «የቤተሰብ አባል» ያላችሁትን ትርጉም ከመስክ በፊት አስተካክሉ፤ ላለፉት 12 ወራት በወር በወር የት እንደነበረ የሚጠይቅ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል።

ድንበር ተሻጋሪ ጉትጎታን ለማጥናት የምታስቡ፣ የቡሜራንጉን ንድፈ ሐሳብ በአንድ ገጽ ጨርሱትና ወደ አሠራሩ ግቡ። በአገር ቤት መንገዱ የተዘጋበት ቡድን በውጭ ባሉ አጋሮች በኩል ጫናውን አዙሮ ያመጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የእኛ መንገድ ለምን እንደተዘጋ ግን በትክክል ጻፉ። አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ የተተካው በ1113/2011 ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ስለ ቤት ሠራተኞች ጎልቶ የተሰማው ድምፅ ከስደት አገር መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊባኖስ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ቤት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» አንዱ ማሳያ ነው።

የሊባኖስን ሁኔታ በደንብ አጥኑት፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የ1946ቱ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ያገልላል። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ ወጥ ኮንትራት አወጣ፤ የቀጣሪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰ፤ በሚቀጥለው ወር የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ድሉ የወጣበትን ቀን ብቻ የጻፈ ተመራማሪ ግማሹን ታሪክ አልጻፈም። ሁልጊዜ ማን ከሰረ፣ የከሰረው የት አቤት አለ ብላችሁ ጠይቁ።

ዓለም አቀፍ በሮችም የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ያልተቀበለውን አገር አያስገድድም። በዚሁ አቆጣጠር የ1990ው የስደተኛ ሠራተኞች ስምምነት ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው መንግሥታት አንዱም አባሉ አይደለም፤ ኢትዮጵያም አይደለችም። ለዓለም የሥራ ድርጅት አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው የሠራተኛ ወይም የአሠሪ ማኅበር ነው፤ ተራ በጎ አድራጎት ድርጅት በቀጥታ አይቀበሉትም። ሳዑዲም ሊባኖስም የሴቶችን መድልዎ የሚከለክለውን ስምምነት ስለፈረሙ ግን፣ የእነሱ ሪፖርት በሚታይበት ወቅት ትይዩ ሪፖርት ማስገባት ይቻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የእኛው አዋጅ 1156/2011ም በሰው ቤት የሚሠራን ሠራተኛ ከሽፋኑ አውጥቷል። ቤሩትን የሚከስ ጽሑፍ ባሕር ዳር ሽንብጥ ውስጥ ያለችውን የቤት ሠራተኛ ከዘለለ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣበታል፤ ሲመጣም ትክክል ነው።

የመስኩን ጉዳይ በአጭሩ። የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድሞ፣ ከዚያ የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ከሐምሌ እስከ መስከረም የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል በስልክ የሚሠራ አጭር መጠይቅ በተጠባባቂነት ያዙ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ 30 ቃለ መጠይቅ ማለት አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ መጻፍ ነው። በድብቅ የተሻገረን ሰው ፊርማ አትጠይቁ፣ የቃል ፈቃዱን ቅዱ። ከመዳሟ ቤት ጠፍታ የወጣች ሴት በሳዑዲ መዝገብ «ሁሩብ» (ከአሠሪ የጠፋች) ተብላ ሊሆን ይችላል፤ መንደሯን፣ የሄደችበትን ከተማና ዓመቱን አንድ ላይ ከጻፋችሁ ስሟን ብትደብቁም ትታወቃለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አሁን እናንተንም ይመለከታል፤ የስም ቁልፉን ከመረጃው ለይታችሁ በሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ድምፁንም ከተገለበጠ በኋላ አጥፉ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አውጡ፤ አንዱን ቅጂ ግኝቱን ሊያጣራ ለሚችለው ክፍል በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ወደ ቀበሌዋ ተመልሳችሁ ለተጠያቂዎቹ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ቀን የሚያርሙላችሁ እነሱ ናቸው። ለዚህ ጉዞ የትራንስፖርትና የአበል ገንዘብ ከመጀመሪያው በፕሮፖዛሉ በጀት ውስጥ አስገቡ፤ በኋላ ልጠይቅ ካላችሁ የሚፈቅድላችሁ አታገኙም።