ስለ ሰው ሠራሽ ክርን የጠየቃችሁን

የክርን ቅየራ እንደ ዳሌና እንደ ጉልበት ቅየራ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ከሐኪም ክፍል የወጣ ሰው ብዙ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ አይገርምም። ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን መካከል ለስድስቱ እነሆ መልስ።

ከሳቢያን፦ በሩማቶይድ (መጋጠሚያን በሚያስቆጣና በሚያበላሽ በሽታ) ምክንያት የቀኝ ክርኔ ተቀየረልኝ። ከ5 ኪሎ በላይ እንዳላነሣ ተነገረኝ። እስከ መቼ ነው? ጀሪካንስ?

ገደቡ የዕድሜ ልክ ነው። በተለምዶ አንድ ጊዜ ለሚነሣ ዕቃ 5 ኪሎ፣ ተደጋግሞ ለሚነሣ ደግሞ 1 ኪሎ ገደማ ይፈቀዳል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የቤት ሥራ ግን አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ምክንያቱን በስሌት እንየው። ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ 5 ኪሎ ሲይዝ ዕቃው ከመጋጠሚያው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ክንዱን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ግን የሚስቡት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ነው። 5 በ35 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል ወደ 44 ኪሎ ይመጣል፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በብረቱ፣ ብረቱን ከአጥንት በሚያጣብቀው ሲሚንቶና በአጥንቱ ላይ ነው። «ክርን እንደ ጉልበት ሰውነት አይሸከምም» የሚለው አባባል ስለዚህ ያሳስታል።

ባለ20 ሊትር ጀሪካን በተዘረጋ ክንድ ሲንጠለጠል ጡንቻው ያን ያህል አይለፋም። ይሁን እንጂ 20 ኪሎው በላይኛውና በታችኛው የክንድ አጥንት ውስጥ የገቡትን ሁለት ብረቶች ሊያለያይ ይጎትታል፤ እሱም አይፈቀድም። እንጀራ መጋገሩ ራሱ አይከለከልም። ሊጥ ማቡካቱን፣ የቡሖ ባልዲ ማንሣቱንና ሙቀጫውን ግን ለሌላ ሰው ይተዉት።

ከከዚራ፦ ጋራዥ እሠራለሁ። የወንድሜ ሰው ሠራሽ ክርን በፒን የተያያዘ ሆኖ ሳለ ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል አሉ። ማሽን ላይ ቢሆን ብልሽት ነበር።

እዚህ ግን ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ክርኖች ከመታጠፍና ከመዘርጋት ሌላ እንቅስቃሴ የሌላቸው ጥብቅ ማጠፊያዎች ነበሩ። ሰው ግን ክንዱን ያጣምማል፣ ወደ ጎን ይገፋል። ማጠፊያው አልሰጥ ሲል ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሲሚንቶው ይሄድና ብረቱ ከአጥንቱ ይላቀቅ ነበር። ኋላ የመጡት፣ ለምሳሌ ኩንራድ-ሞሬ የሚባለው፣ ወደ ጎን 7 ዲግሪ ያህል ልቅ ተደረጉ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ኃይሉን ጡንቻና ጅማት ይቀበሉታል።

የላይኛው ብረት ከፊት በኩል ትንሽ ክንፍ አለው። ከክንፉና ከአጥንቱ መካከል ቁራጭ አጥንት ይሸጎጣል፤ ብረቱ ወደ ኋላ እንዳይገፋና እንዳይዞር የሚይዘው ይህ ነው። ፒን የሌላቸው ዓይነቶችም አሉ። እነሱ ግን በታካሚው ጅማትና በተረፈው አጥንት ላይ ስለሚመኩ ጅማት ከላላ ይወልቃሉ።

እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት ብልሽት ያለው በፒኑ ዙሪያ ባለው ቡሺንግ ላይ ነው። ከፖሊኤትሊን ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ይበላል። ሲሳሳ ውዝዋዜው ከ7 ዲግሪ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የሚወጣው ብናኝ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን አጥንት ያስበላል። ስለዚህ ወንድምዎ ሕመም ባይኖረውም በየጊዜው ራጅ ይነሣ። ብረቶቹ ሳይላቀቁ ከተደረሰበት ቡሺንጉን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ከድሬዳዋ፣ መጋላ፦ አባቴ ክርናቸው ከተቀየረ አንድ ወር ሆኗቸዋል። ሱጁድ መውረድ ይችላሉ?

አሁን አይችሉም። በብዙ ቀዶ ሕክምና ክርን የሚዘረጋው የኋላ ጡንቻ ከአጥንቱ ተነሥቶ መልሶ ይሰፋል። ስፌቱ እስኪይዝ 6 ሳምንት ያህል በዚያ እጅ መግፋት ክልክል ነው፤ ከወንበር ሲነሡም በሌላው እጅ ይደገፉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከመሬት በእጅ ተገፍቶ መነሣት ከ5 ኪሎው ገደብ በብዙ ያልፋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይሻላል። ለኦርቶዶክስ ሰጋጆችም መልሳችን ያው ነው።

ከጀጎል፦ አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቀው ክርናቸው ደቀቀ። ዘመድ ወጌሻ ይሻቸው ይላል።

አይታሹ። የተሰበረ ክርን ሲታሽና በግድ ሲዘረጋ ጡንቻው ውስጥ ትርፍ አጥንት ሊበቅል ይችላል፣ ያኔ መጋጠሚያው ይደርቃል። ከዚህ የሚብሰው የጠበቀ እስር ነው። ጣቶቻቸው ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ጣት ሲዘረጋ ኃይለኛ ሕመም ካለ እስሩን አሁኑኑ ፈትታችሁ ሆስፒታል ውሰዷቸው። አጥንቱ ደቆ ብሎን የማይዝ ከሆነ፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው ቅየራ ጥሩ አማራጭ ነው። ለ30 ዓመት የቀን ሠራተኛ ግን አንመክርም፤ ገደቡን ጠብቆ መኖር አይችልም።

ከድሬዳዋ፦ በዚህ ፀሐይ ብረቱ አይግልም?

አይግልም። በሥጋና በደም ተከቧል፤ ሙቀቱ የሰውነትዎ ሙቀት ነው።

ከሐረር፦ ክርኔ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ ትንሿ ጣቴም ትደነዝዛለች። ልጨነቅ?

ስለ መዘርጋቱ አይጨነቁ። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ክንድ 0 ዲግሪ ቢባል፣ ለዕለት ኑሮ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ይበቃል። መብላት የሚፈልገው መታጠፉንና መዳፍ ወደ ላይ መዞሩን ነው፤ እጅዎ ጉርሻ ይዞ አፍዎ ከደረሰ ዋናው ተገኝቷል።

ድንዛዜው በክርን ውስጠኛ ጎን ከሚያልፈው ነርቭ ነው። ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ይተዋል፤ ጣቶቹ እየደከሙ ከሄዱ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ይበልጥ የሚያሰጋን ቁስሉ ነው፤ የክርን ጫፍ ቆዳው ስስ ነው። ፈሳሽ፣ መቅላት ወይም ትኩሳት ካዩ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው አይዋጡ። ሐኪሙ ከመጋጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ጀርሙን የመለየት ዕድሉን ያጠፉበታል። ቶሎ ከተደረሰበት ታጥቦ ብረቱ ሊተርፍ ይችላል፤ ከዘገየ ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱም ሲሚንቶውም መውጣት አለባቸው።