ኤልክ ፍለጋ ኮሎራዶ ድረስ፦ ዋጋው፣ ፈቃዱና ሥጋው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለው። በመጪው ጥቅምት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮሎራዶ ሄዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ ቀንዳም አውሬ ሊያድን አስቧል። አንዱ አደን አስመሪ ድርጅት 9 ሺህ ዶላር ጠየቀው፣ ሌላው 3 ሺህ፤ አንድ ጓደኛው ደግሞ «ምን በወጣን፣ ራሳችን በ2 ሺህ እንወጣዋለን» ይለዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? እኔም ያን ሰሞን በጎብኚ ቪዛ እሱ ዘንድ ስለምሆን ጠመንጃ ይዤ አብሬው ልወጣ እችላለሁ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሦስቱም ዋጋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሸጠው ነገር ግን አንድ አይደለም። 9 ሺሁ መሪ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ፈረስ ወይም በቅሎ፣ ግዳዩን ገፎ ማውረድንም የያዘ የሙሉ አገልግሎት ዋጋ ነው። 3 ሺሁ ድርጅቱ በፈረስ ጭኖ ጫካ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ድረስ አድርሷቸው የሚመለስበት ነው፤ ፈልጎ ማግኘቱም፣ መተኮሱም፣ መግፈፉም የራሳቸው ነው። 2 ሺሁ ደግሞ መኪና፣ ካርታና ጉልበት ብቻ ነው።

በሦስቱም ላይ የስቴቱ ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል፤ ወንድምዎ መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ። ኮሎራዶ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ አዳኝ የወንድ ኤልክ ፈቃድ የሚሸጠው በ800 ዶላር ገደማ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ለዚያው ፈቃድ የሚከፍለው 70 ዶላር አካባቢ ነው። ፈቃዱን በዕጣ የሚጠይቅ ሰው ከዚያ በፊት የትናንሽ እንስሳት አደን ፈቃድና የዱር እንስሳት መኖሪያ ጥበቃ ቴምብር መግዛት ግዴታ ስለሆነበት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ከ900 ዶላር በላይ ያወጣል። ክፍያው የዋጋ ንረትን እየተከተለ በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ ያምና ዋጋ ይዞ በጀት መሥራት አይገባም። «ኮሎራዶ ዘመድ አለኝ» ብሎ በዘመድ አድራሻ በነዋሪ ዋጋ መግዛት ወንጀል ነው። ነዋሪ ለመባል በስቴቱ ስድስት ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል። በሐሰት ፈቃድ የተገደለ አውሬ ሥጋው የስቴት ድንበር ሲሻገር ደግሞ ከአውሮፓውያኑ 1900 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል የዱር እንስሳት ሕግ ይከተለዋል።

የቀረውን ወጪ እናስላ። ከቨርጂኒያ ዴንቨር ደርሶ መልስ ወደ 5,400 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና 540 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል፤ ይህም በአሜሪካ ዋጋ ከ450 እስከ 500 ዶላር ሲሆን ለሦስት ሲካፈል ቀላል ነው። ከባዱ ከግዳዩ በኋላ የሚመጣው ነው። ኤልክ ትልቅ በሬ ያህላል፤ ያደገ ወንድ በቁሙ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ ከአጥንት የተለየው ሥጋው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ነው። አንዱ የኋላ እግር ብቻ ከነአጥንቱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ከመንገድ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የወደቀን ግዳይ አንድ ሰው በጀርባው ለማውጣት አራት አምስት ጊዜ መመላለስ አለበት። የጭነት ፈረስ ለመከራየት 600 ዶላር እና ከዚያ በላይ፣ ሥጋውን ለሚበልትና ለሚያሽግ ባለሙያ ከ300 እስከ 500 ዶላር ይያዝ። የጓደኛው 2 ሺህ ዶላር እውነት የሚሆነው ሦስቱ ተካፍለው ከወጡና አንዳቸውም ካልቀናቸው ነው። የቀናው ሰው ወጪው 3 ሺህ ይጠጋል።

ይቅናቸው ይሆን? ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ ከሚያድኑ ሰዎች የሚሳካለት ከአምስቱ አንዱ ያህል ነው። ስለዚህ «100 በ100 ዋስትና» የሚል ድርጅት ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት አጥር ነው፤ በአጥር ውስጥ ያደገ ኤልክ የሚያስገድሉ እርሻዎች አሉ፣ ዋስትናውም ከዚያ ይመጣል። «90 በመቶ ዕድል» የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የገደለውን ሳይሆን አውሬ በተኩስ ርቀት ያየውን ነው። ወንድምዎ ገንዘብ ሳያስይዝ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ አንድ መሪ ስንት አዳኝ ይይዛል? ቦታው የግል መሬት ነው ወይስ የመንግሥት ደን? ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ ገደለ? አቁስሎ የጠፋበት ሰው እንደገና ያድናል ወይስ አደኑ አለቀ ይባላል? ለመሪው የሚሰጠው ጉርሻ (በልማድ ከዋጋው 10 እስከ 15 በመቶ) በዋጋው ውስጥ አለ? ኮሎራዶ ውስጥ አደን አስመሪ ሁሉ በስቴቱ መመዝገብ አለበት፤ በመንግሥት ደን የሚሠራ ከሆነ የደን አገልግሎቱ ፈቃድም ያስፈልገዋል። የምዝገባ ቁጥሩን ለመስጠት የሚያቅማማ ሰው ገንዘብ አይቀበል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ብዙ ምዕራባዊ ስቴቶች ፈቃዱን የሚሰጡት በዕጣ ነው። ነገሩ ከዲቪ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው በአንዳንዶቹ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ነጥብ እየተጠራቀመለት ለከርሞ ዕድሉ መስፋቱ ነው። ኮሎራዶ የማመልከቻ ጊዜዋን የምትዘጋው በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ሳምንት (በእኛ መጋቢት መጨረሻ) ነው። ሆኖም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ የሚውሉት ሁለተኛውና ሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት በብዙ ቀጠና እስካሁን ያለ ዕጣ ይሸጣሉ፤ ለወንድምዎ የሚሻለው ይህ ነው። ኒው ሜክሲኮ ነጥብ የላትም፤ ከዕጣው ፈቃድ 84 በመቶው ለነዋሪ፣ 10 በመቶው ከመሪ ጋር ለሚመጣ፣ ያለ መሪ ለሚመጣ እንግዳ 6 በመቶ ብቻ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በፌዴራል በተከለለ ጥብቅ የዱር ሥፍራ ያለ መሪ ወይም ያለ ነዋሪ አጃቢ ትልቅ አውሬ ማደን አይችልም፤ በርካሽ የተገዛ ፈቃድ እዚያ ላይ ባዶ ይቀራል።

ጠመንጃውም ይታሰብበት። ኮሎራዶ ለኤልክ ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ አፈሙዝና ሲመታ የሚበተን ለስላሳ ጫፍ ጥይት ትጠይቃለች። በመዳብ የተሸፈነው የጦር ሜዳ ጥይት አይፈቀድም፤ በስቶ ያልፋል፣ አውሬው ቆስሎ ርቆ ይሞታል። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ በሚጫን ሻንጣ፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ ይጓጓዛል፤ ጥይት በአብዛኛው ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ከጉዞ በኋላ መነጽሩ ስለሚዛነፍ ሦስት ጥይት በዒላማ ላይ ሳይሞክር ተራራ አይውጣ። ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ደማቅ ልብስ ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች፣ ከነቆቡ፣ ግዴታ ነው።

እርስዎን በተመለከተ፦ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃ መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል፤ ከአንዱ ስቴት የወጣና ያልተቃጠለ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ግን ከክልከላው ነፃ ነው። ኮሎራዶ ደግሞ በአውሮፓውያኑ ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ ለተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ካርድ ሳያይ ፈቃድ አትሸጥም። ትምህርቱን ጨርሰው ፈቃዱ በእጅዎ ሳይገባ የወንድምዎን ጠመንጃ «እስቲ ለአንድ አፍታ» ብለው እንኳ አይንኩ፤ ይህ በኢሚግሬሽን ፋይልዎ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ያለ ጠመንጃ አብረው ወጥተው ሥጋ መሸከም ግን ይችላሉ። እንዲያውም ለከፍታው ከወንድምዎ እርስዎ ይሻላሉ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ኤልክ የሚገኘው ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ባለው ነው፤ የላይኛው ጫፍ በሰሜን ተራሮች ካለው ሳንቃ በር ይበልጣል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖርበት ቨርጂኒያ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በ2,500 ሜትር አካባቢ አርፎ ውኃ እየጠጣ ካልቆየ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከአደኑ ያስቀሩታል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ሆኖ ኤልክ ገድያለሁ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ሥጋው ይበላል ወይ? ጥሬውን ልበላው ነው ስላለኝ ሰጋሁ። ቋንጣ አድርጎ ቢልክልኝስ? (ከቀሃ፣ እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ስጋትዎ ልክ ነው፤ ጥሬውን አይብላ። ያደነው ሥጋ እንደ ቄራ ሥጋ በሐኪም አልታየም። በተጨማሪ ኤልክንና ዘመዶቹን የሚይዝ፣ አንጎል እያሸረሸረ የሚገድል በሽታ አለ፤ በ1967 መጀመሪያ የታየው እዚያው ኮሎራዶ ነው። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የጤና ባለሥልጣናት በምርመራ የተገኘበትን ሥጋ ማንም እንዳይበላው ይመክራሉ። እሳትም ይህን በሽታ አያጠፋውም። ስለዚህ ልጅዎ ጭንቅላቱን ለስቴቱ መርማሪ ሰጥቶ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን በበረዶ ቤት ያቆየው። ንጹሕ ከተባለ በኋላ ለሌሎቹ ጀርሞች ሲል ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ያብስለው፤ ወጡም ጥብሱም ያምርለታል፣ ስብ ስለሌለው ቅቤ አይነፈገው።

ስለ ሃይማኖቱ የመጨረሻውን ቃል የነፍስ አባትዎ ይናገሩ። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው። በጥይት የወደቀ እንጂ በስመ አብ የታረደ አይደለምና የሚጠየቀው እዚያ ላይ ነው።

ቋንጣውን ልጅዎ እዚያው ቢዘለዝለው ይሻላል። ሥጋ ወደ አገር ለማስገባት ከላኪው አገር የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ እቤት ለተዘለዘለ የአደን ሥጋ ያን ወረቀት የሚሰጠው የለም። ለምግብ ቤት መሸጥም በአሜሪካ የተከለከለ ነው።

የሥጋውን ጥራት የሚወስነው የመጀመሪያው ሰዓት ነውና ይህን ይንገሩት። የኤልክ ቆዳ ወፍራም፣ አንገቱ ጠጉራም ነው፤ አመሻሽ ላይ ወድቆ ከነቆዳው ካደረ ውጭው በረዶ ሆኖ እንኳ ታፋው ከአጥንቱ ዙሪያ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል። ወዲያው ይግፈፈው። ሆዱን ሳይቀድ በጎን አስተኝቶ ከጀርባው መስመር ወደ ታች እየገፈፈ ወርቹን፣ ታፋውን፣ ሽንጡንና የአንገቱን ሥጋ ካወጣ በኋላ ይገልብጠው፤ ፈርስ ሥጋውን የማይነካው እንዲህ ሲሠራ ነው። በአየር በሚያልፍ የጨርቅ ከረጢት ጥላ ሥር ይስቀለው። ላስቲክ ውስጥ ትኩስ ሥጋ መክተት ማበላሸት ነው። በመኪና ሲመለስ በድምሩ 280 ሊትር የሚይዙ ሁለት የበረዶ ሣጥኖች ይበቁታል፤ የቀለጠው ውኃ በየጊዜው ይፍሰስ፣ ሥጋው ከ4 ዲግሪ አይለፍ። በሽታው ካለበት አካባቢ ሙሉ በድን ይዞ መግባትን ብዙ ስቴቶች፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም፣ ይከለክላሉ፤ አጥንት የወጣለት ሥጋ፣ የጸዳ ቀንድና ቆዳ ግን ያልፋል። የሚያድነው በኅዳር ከሆነ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባልና አብዛኛው በረዶ ቤት ገብቶ ለገና ይቆየው።

ጥያቄ፦ ጎንደር በአስጎብኚነት እሠራለሁ። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ዋልያ ለማደን ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀኝ። «ዋልያ ካልሆነ ኒያላ» ይላል። ምን ልበለው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ዋልያ በማንኛውም ዋጋ አይታደንም። የሰሜን ተራሮች በአውሮፓውያኑ 1969 በሕግ የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየበት አንዱ ምክንያትም የዋልያው መመናመን ነበር። ደባርቅ አድርሰው፣ ስካውት ይዘው፣ ጨነቅ ላይ በመነጽር ያሳዩት። «ሰው አውቃለሁ» ብሎ የሚደውልልዎ ደላላ ቢኖር ስልኩን ይዝጉ።

የደጋ አጋዘን፣ ፈረንጅ ኒያላ የሚለው፣ የሚኖረው በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ደጋ ብቻ ነው። ለሳይንስ የታወቀው በ1910 ነው፤ ከአፍሪካ ትላልቅ አጋዘኖች የመጨረሻው። አደኑ የሚፈቀደው እንደ ሙኔሳ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በተወሰነ ኮታ፣ ፈቃድ ካለው ሙያዊ አዳኝ ጋር ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ለአንድ ኒያላ የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ ለዓመታት 15 ሺህ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ላይ ለአደን ድርጅቱ በየቀኑ የሚከፈል አለ፤ አደኑ በተለምዶ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ጠቅላላው ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል። የቆሰለና የጠፋ አውሬ እንደተገደለ ይከፈልበታል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሩት፣ ጭቅጭቅ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

እርስዎ በአስጎብኚነት ፈቃድዎ አደን መሸጥ አይችሉም። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር ያገናኙት፣ የኮሚሽኑንም ነገር ከድርጅቱ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ። እንግዳው ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ከሆነ የማስገቢያ ፈቃዱን ድርጅቱ ቀደም ብሎ ያወጣለታል፤ ያለዚያ ጠመንጃው ቦሌ ተይዞ የሦስት ሳምንቱ ቀን ሲቆጠር ይውላል።